በጅማ የአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ የመኪና ማቆሚያ አገልግሎት፦ የነዋሪ ግምገማ

ይህ ግምገማ በጅማ ከተማ የሚገኝ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የነዋሪዎች ማኅበር የሚሰጠውን የመኪና ማቆሚያ አገልግሎትና አገልግሎቱ የሚመራበትን ውስጠ ደንብ ይመለከታል። ጎረቤቶቼን ለሐሜት ላለመዳረግ የግቢውን ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩ ግን ከነበጎ ጎኑና ከነጉድለቱ በከተማዋ ሌሎች የጋራ ግቢዎች ለሚኖሩ፣ ይልቁንም ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ይጠይቃል፤ መኪናው ሌሊት የት እንደሚያድር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ዕቃውን ካራገፈ በኋላ ነው።

ግቢው በተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ከተሠሩት አንዱ ነው። መርሐ ግብሩ በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲጀመር የታሰበው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው የከተማ ነዋሪ ስለ ነበር፣ ንድፉ ለመኪና ብዙ ቦታ አለመተዉ የሚያስገርም አይደለም። ያለው አሳንሰር የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች፣ በመካከላቸው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚያገለግል የጋራ ቤት፣ ከዚያም በከፊል ኮብልስቶን በከፊል ጠጠር የለበሰ ሜዳ ነው። ማቆሚያ የምንለው ይህንኑ ሜዳ ነው። በዚያው ሜዳ ላይ ልብስና እህል ለፀሐይ ይሰጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይተከላል፤ ባለመኪናው ደግሞ ማታ ከሥራ ሲመለስ ቦታው ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀው ይፈልጋል።

ደንቡን ለመመዘን አስቀድሞ ቦታው የማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ የሚለው በተናጠል የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች እንዲሁም የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው፤ ወደ ላይ የተሠራም ሆነ በረድፍ የተሠራ ቤት በዚህ ይጠቃለላል፣ ሕንፃው ያረፈበት ይዞታም እንዲሁ። ሰው በግሉ የያዘው ከበሩ ወደ ውስጥ ያለውን ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም ናቸው፣ ለእነሱ የሚወጣው ወጪም በየድርሻው ይከፈላል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ በግቢው ውስጥ «የእኔ መሬት» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የጋራ ይዞታ ነው። እንግዲህ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ገበያ በባጃጅ የሚመላለሱት ጡረተኛ ጎረቤቴ ቤታቸው ከእኔ ቤት ጋር እኩል እስከ ሆነ ድረስ በማቆሚያው ላይ ያላቸው ድርሻ ከእኔ አያንስም። እኔ ቪትዜን የማቆመው በእሳቸውም ይዞታ ላይ ነው። የማቆሚያ ደንብ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የምለው ይህን ከማስታወሱ ወይም ከመዘንጋቱ ተነሥቼ ነው።

የግቢያችን ማኅበር ነጥቡን በሚገባ ተረድቶታል፤ ለአገልግሎቱ የምሰጠው ትልቁ ምስጋናም እዚህ ላይ ነው። ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀ፣ በጽሑፍ የወጣና በጥበቃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ ሲሆን፣ መኪና የሚያሳድር ሁሉ በየወሩ ለማኅበሩ እንዲከፍል ያዛል። ክፍያው በካርኒ ይሰበሰባል። ገንዘቡ በቅድሚያ ለጥበቃ ደመወዝና ለግቢው መብራት ስለሚውል፣ እያንዳንዱ ቤት ለጋራ ወጪ የሚያወጣው ወርሃዊ መዋጮ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለመኪናው የጋራውን ይዞታ ለብቻው ለያዘበት ጊዜ ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩም መኪና ለሌለው ጎረቤት በመዋጮ ቅናሽ ይደርሰዋል ማለት ነው። በስብሰባ ላይ «በገዛ ግቢያችን እንዴት እንከፍላለን?» የሚሉ ባለመኪናዎች አሉ። ሒሳቡን ግን እናስላው፦ አንድ የቤት መኪና የሚያርፍበት ቦታ በወርድ 2.5፣ በርዝመት 5 ሜትር ገደማ ነው፤ ወጥቶ ለመግባት ከፊቱ 6 ሜትር ያህል መተላለፊያ ይፈልጋል። መተላለፊያውን ትይዩ የሆኑ ሁለት ረድፎች ቢጋሩት እንኳ ለአንድ መኪና የሚደርሰው 20 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ መርሐ ግብር የተሠሩ ስቱዲዮ ቤቶች ስፋት ከዚህ ብዙም የሚርቅ አይደለም። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን ያህል ቦታ በነፃ ልያዝ ማለት ለጠያቂው እንጂ ለጎረቤቱ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ዘመዴ በሚኖርበት ሌላ ግቢ ክፍያውን የሚቀበሉት ዘበኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ካርኒ የለም፣ በወሩ መጨረሻም ወደ ማኅበሩ ሣጥን የሚገባ ሳንቲም የለም። እዚያ የተሻለውን ቦታ የሚያገኘው እጁ የሚፈታ ሰው ነው።

ሌላው የደንቡ ብርታት ለማንም ቋሚ ቦታ አለመስጠቱ ነው። ከጋራ መጠቀሚያዎች መካከል ለተወሰኑ ቤቶች ብቻ የሚያገለግሉ ቢኖሩ እነሱ የሚለዩት ሕንፃው በጋራ ሕንፃነት ሲመዘገብ በሚቀርበው ሰነድ፣ በሕንፃው መግለጫ ላይ ነው፤ ቀድሞ የገባ ሰው ድንጋይ ስለ ደረደረ ወይም የብረት ቋሚ ተክሎ በጓጉንቸር ስለ ዘጋ አይደለም። በእኛ መግለጫ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስላልሰፈረ፣ ማኅበሩ ነዋሪዎች በየፊናቸው የተከሉትን ብረት ሁሉ አስነቅሏል፤ ለዚህ የተከፈለውን ኩርፊያ የቦርዱ አባላት ያውቁታል። አሁን ለእያንዳንዱ ቤት የታርጋ ቁጥሩ የተጻፈበት አንድ ስቲከር ይሰጣል። ስቲከሩ ወደ ግቢ የመግባት መብት እንጂ የቦታ መብት አይሰጥም፤ ቀድሞ የመጣ ያቆማል። ሁለተኛ መኪና ያለው ቤት እጥፍ ይከፍላል፣ እሱም ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት የሚጎዳው አምሽቶ የሚመለሰውን ነው፤ ጅማ ደግሞ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ተረኛ የነበረ ነርስ ወይም ሐኪም ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲደርስ ረድፉ ሞልቶ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ዘዴ ነው፦ ከሌሎች መኪናዎች ፊት በአግድም አቁሞ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ መሄድ፤ ጠዋት የሚወጣው ሰው ከዘበኛው ጋር ገፋ አድርጎ ይወጣል። ደልዳላ ቦታ ላይ ይህ ይሠራል። ግቢያችን ግን ወደ በሩ ስለሚያዘቀዝቅ ከጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ ግድ ነው፤ ያንን ድንጋይ ከመንገድ መልሶ የሚያነሣ ደግሞ የለም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትና ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች በበኩላቸው ሲጠፉ ጎማቸውን ራሳቸው ስለሚቆልፉ በመግፋት አይነቃነቁም። የተንከባለለ መኪና ሰው ወይም ንብረት ቢጎዳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ ያደርጋል፤ «የገፋው ዘበኛው ነው» ማለትም ብዙ የሚያዋጣ መከላከያ አይመስለኝም። ደንቡ ግን ስለዚህ ልማድ አይፈቅድም አይከለክልም፤ የሚያዘው የስልክ ቁጥር በፊት መስታወት ሥር እንዲቀመጥ ብቻ ነው። ለሌሊት ተረኞች ከበሩ አጠገብ ጥቂት ቦታዎች እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ተጠብቀው ቢቆዩ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለል ነበር።

የባጃጆች አያያዝ የሚመሰገን ነው። በጅማ ባጃጅ የከተማዋ ዋና መጓጓዣ ከመሆኑም በላይ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ውጭ አድሮ ጎማው ወይም ባትሪው ቢሰረቅ የዕለቱ ገቢ ከነነገው ይሄዳል። ደንቡ ባጃጆችን በአጥሩ ጥግ በአንድ ረድፍ አሰልፎ ከመኪና በግማሽ ያነሰ ክፍያ ይጠይቃቸዋል። ባጃጅ በርዝመት 2.6፣ በወርድ 1.3 ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ መኪና በሚቆምበት ስፍራ ጎን ለጎን ሦስት ያድራል፤ ስለዚህ ማኅበሩ ከዚያው ቦታ የሚያገኘው ገቢ ከመኪናው አይቀንስም። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የሚወጣ አሽከርካሪ ሞተሩን የሚያስነሣው ገፍቶ ከበር ካወጣው በኋላ ነው የሚል አንቀጽም አለ። ምድር ቤት ለምንኖር ሰዎች ከመላው ደንብ በላይ የሚወደደው ይህ አንቀጽ ነው፤ አሽከርካሪዎቹም ያለ ማጉረምረም ያከብሩታል።

ደንቡ ከሁሉ ይልቅ የአካባቢውን ኑሮ ያወቀ የሚመስለው ስለ ድንኳንና ስለ ስጥ በደነገገው ነው። ለቅሶ ሲደርስ ዕድሩ ለዘበኛው ያስታውቃል፤ ከዚያ በኋላ በሟቹ ብሎክ ፊት ያሉ መኪናዎች በሙሉ ወደ ጓሮ ወይም ወደ ውጭ ይዛወራሉ፣ ለሐዘኑ ቀናትም ማንም ክፍያዬ ይመለስልኝ አይልም። ለሠርግና ለሌላ ድግስ ግን አስቀድሞ ማመልከትና የጽዳት ማስያዣ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስጥን በተመለከተ ፀሐይ የሚያገኘው የግቢው ወገን እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከመኪና ነፃ እንዲሆን ተወስኗል። ዝናብ በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት በሚቆይበት በጅማ ፀሐይ የሚባክን ነገር አይደለም፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከገጠር ዘመድ ቡና የመጣለት ቤት ሁሉ ሰሌኑን ይዞ ይወርዳል። ከሌላ ከተማ መጥቶ ግቢያችን የገባ አንድ ጎረቤት በምሳ ሰዓት መኪናውን ለማቆም የቡና ሰሌን እንዲነሣ ሲጠይቅ፣ ዘበኛው ወደ ተለጠፈው ወረቀት ብቻ በጣቱ አመለከተው። (ደንቡ ያልደረሰበት ነገር ቢኖር ከብሎኩ ጀርባ ያለው የአቮካዶ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ከሥሩ ያደረ መኪና ጣሪያ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቃል።)

ስለ እንግዳ መኪና የሚናገረው የደንቡ ክፍል አጭርና በቂ ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በነፃ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የአንድ ሌሊት ክፍያ በካርኒ ይከፈላል። ዘበኞቹም «ኦቦ፣ ለየትኛው ቤት እንግዳ ነዎት?» ብለው በአክብሮት ጠይቀው መዝግበው ያስገባሉ። ሚኒባስና የጭነት መኪና ዕቃ ለማውረድ ካልሆነ አይገቡም።

በቢጫ ቀለም የተለዩት የማይቆምባቸው ስፍራዎች በወረቀት ላይ ትክክል ናቸው፤ በመሬት ላይ ግን አይታዩም። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳኖች፣ የየብሎኩ ደረጃ መውጫና 4 ሜትር ስፋት ያለው የእሳት አደጋና የአምቡላንስ መግቢያ ክፍት መሆን አለባቸው ይላል ደንቡ። ቀለሙ በአንድ ክረምት ስለሚታጠብ አዲስ የገባ ነዋሪ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባለፈው ክረምት የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ተጠርቶ ሲመጣ በክዳኑ ላይ የቆመ መኪና ባለቤት ስልኩን ሳያነሣ በመቅረቱ፣ መኪናው ሥራውን ሳይሠራ ተመልሷል፤ የመምጫውን ዋጋ የከፈለው የጋራው ሣጥን ነው፣ ሽታውን የቻሉት ደግሞ መኪና የሌላቸው የምድር ቤት ነዋሪዎች ጭምር ናቸው። ቀለም ከመቀባት ይልቅ በክዳኖቹ ዙሪያ ዝቅተኛ የሲሚንቶ ጠርዝ ማሠራት ለአንዴ ወጪ ተደርጎ የሚያርፉበት ነገር ነው።

ይህ ወደ ትልቁ ጉድለት ይወስደኛል። ደንቡ ለጥፋት የሚያስቀምጠው ቅጣት አንድ ብቻ ነው፤ የመኪናውን ጎማ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ማሰር። ስቲከር ሳይኖረው የገባም፣ የአንድ ወር ክፍያ የዘገየበትም፣ የአምቡላንስ መግቢያ የዘጋም እኩል ይታሰራል። በመጀመሪያ ነገር መግቢያ የዘጋን መኪና ማሰር መግቢያው ተዘግቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ መቀጮ ሊጥልና ያልተከፈለውን በሕግ ሊጠይቅ ሲችል፣ የሰው ንብረት በኃይል መያዙ ክርክር ቢነሣ የሚያስኬደው አይመስለኝም። ሦስተኛ፣ ቁልፉ ያለው በአንድ የቦርድ አባል እጅ ስለሆነ፣ እሱ ገበያ ሲወጣ ሆስፒታል መድረስ ያለበት ሰው ታስሮ ይውላል። አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ መቀጮ፣ በመጨረሻም ስቲከሩን ለተወሰነ ጊዜ መሰረዝ ቢሆን፣ ዘበኛውም ከነዋሪው ጋር ከመናቆር ይድን ነበር።

ተከራዮችን በተመለከተም ደንቡ ቀዳዳ አለው። ስቲከሩ የሚሰጠው ለቤቱ ባለቤት ስለሆነ፣ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው ስቲከሩን በእጁ ያስቀርና ወይ ለተከራዩ ለብቻው ዋጋ ቆርጦ ያከራየዋል፣ ወይም ግቢያችን ውስጥ ጭራሽ ለማይኖር ለአጥር ማዶ ሰው ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የጋራ ይዞታ ገቢ ወደ አንድ ሰው ኪስ ገባ፤ ቀደም ብዬ ያመሰገንኩት አሠራር በዚህ በኩል ይፈርሳል። መፍትሔው ስቲከሩን በቤቱ ለሚኖረው ሰው፣ በኪራይ ውሉና በታርጋው አመሳክሮ መስጠትና በየዓመቱ ማደስ ነው። የቦርዱ ጸሐፊ ሐሳቡን እንደሚቀበሉት ነግረውኛል፤ አከራዮቹ ግን በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ያላቸው እነሱ እንጂ ተከራዮቻቸው አለመሆናቸውን ያውቃሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደንቡ አንዲት ቃል የለውም። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገዛ ሰው ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ስለሆነ፣ ዝምታው ብዙ ሊቆይ አይችልም። ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ታች የተዘረጋ ገመድ አሁንም ይታያል፤ በዝናብ ኮብልስቶኑ ላይ ተኝቶ፣ ልጆች እየዘለሉት። ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር የሚገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ሲሆን፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። በ32 አምፔር የሚሠራው የቤት ቻርጀር በበኩሉ 7 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ሁለት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ማለት ነው፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። የየቤቱ ቆጣሪና የብሎኩ መስመር ለዚህ ታስበው የተዘረጉ አይደሉም። ከደረጃው የጋራ መብራት መስመር የሚቀጥልም አይጠፋም፤ ያ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍሉት እነዚያው መኪና የሌላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ማኅበሩ በግቢው አንድ ጥግ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በባለሙያ የተዘረጋ መሙያ አቁሞ በተጠቀሙበት ልክ ቢያስከፍል፣ ገመዱንም ጠቡንም ያስቀራል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በከተማዋ በረድፍ በተሠሩ ቤቶች ግቢ የሚኖሩ ወዳጆች አሉኝ። እዚያ እያንዳንዱ ሰው በበሩ ፊት ስለሚያቆም ችግር የለም ይባላል፤ እውነቱ ግን ከበሩ ፊት ያለውም የጋራ መንገድ መሆኑ ነው። አንዱ የቆርቆሮ ጥላ አውጥቶ፣ ሌላው አበባ ተክሎ፣ ሦስተኛው በሰንሰለት ከልሎ መንገዱ ጠብቧል፤ የውኃ ቦቴ መግባት ካቆመ ቆይቷል፣ የጻፉት ደንብም የላቸውም። ሜዳችን ጠባብ ቢሆንም ከዚያ የእኛን እመርጣለሁ።

በግቢያችን ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስብ ሰው ቤቱን በቀን ካየ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይምጣና ሜዳውን ይመልከት። ተከራይ ከሆነ ስቲከሩ በማን ስም እንደሚወጣ በኪራይ ውሉ ላይ ያስጽፍ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው የቆጣሪውን አቅም ሳያስመረምር ቀብድ አይክፈል። ትልቅ መኪና ያለው፣ በተለይ ከ5 ሜትር የሚረዝም ፒክ አፕ የሚነዳ ሰው ግን ሌላ ግቢ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ አፍንጫው መተላለፊያው ላይ ስለሚያድር በየማለዳው ከእንቅልፉ መቀስቀሱ አይቀርም።